የምሳ ተረኛ

ንቢት ይሏት ነበር፤ እጇ ካውያ ሲይዝ ዓይን አይከተለውም ነበርና። ስሙ እስከ ዛሬ አለ፤ ንቧ ግን የለችም።

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ያ ሁሉ እንፋሎት ፊቷ ላይ እየተነነ፣ እሷ ሹራብ ደርባ ትተኩሳለች። ይበርዳታል። ስትነሣ ደክሟት ነው፣ ስትተኛም ደክሟት ነው። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። “እርጅና ነው” ትላለች፣ ገና አርባ ሳይሞላት። ወይ እርጅና! ቢሰማት በስም ማጥፋት ይከሳት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቷ ነው። ቀኑን ሙሉ መቆም አሳምሟት ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ነርሷ “ትንሽ ክብደት ቀንሺ” አለቻት። ትንሽ መች ታውቃለች እሷ? ቁርሷን ወደ ባዶ ሻይ አወረደች፣ ምሳዋን ጭራሽ ተወች። መጀመሪያ ቀሚሷ ሰፋ፤ ደስ አላት። ከዚያ ሚዛኑ ግትር አለ። “ገና ብዙ እየበላሁ ነው ማለት ነው” ብላ ራቷንም ቀነሰች። ሴት ልጇም ሰሞኑን ቁርሷን ሳትነካ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትወጣው፤ የፈተና ጭንቀት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ማጠቢያ ክፍሉ ደግሞ ደንብ አለው፦ ካውያዎቹን በእንፋሎት የሚያሞቀው ቦይለር እስካልጠፋ ድረስ ሰው ከአጠገቡ አይለይም። ስለዚህ ሴቶቹ በምሳ ሰዓት አንዷን በተራ እያስቀሩ ይበላሉ። ንቢት “እኔ አልበላም፣ ሂዱ” ብላ የሁሉንም ተራ ወሰደች። መረቋት። እየቆየ ምርቃቱም ቀረ፤ የምሳ ወንበሯ ላይም የልብስ አጣፊዋ ቦርሳ ተቀመጠ። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? እዚህ ከማዕድ የተሰረቀችው እሷው ራሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆማ አንቀላፋች። ቆማ! የቀሰቀሳት ሽታው ነው። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ መሐል ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ልብሱን አንስተው ወደ መስኮቱ ዘረጉት።

“ይኸ ሁለተኛሽ ነው” አሉ።

“እትዬ፣ አፈር ስሆን...”

“አፈር አትሁኚብኝ። ሦስተኛውን እኔም አልሸፍንልሽም፤ ትሰናበቻለሽ። ነገ ሐኪም ቤት ሂጂ።”

የቤት ኪራዩም የልጇ ትምህርትም የተንጠለጠለው በዚያች ካውያ ላይ ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ያችው ነርስ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ደሟን አስመረመረች፣ ከዚያ “እስቲ የምትበዪውን ንገሪኝ” አለቻት። ተነግሮ ለማለቅ ጊዜ አልፈጀም።

“ቀንሺ አልኩ እንጂ ተራቢ አልኩሽ?” ነርሷ ተናደደች። “ተኝተሽ እንኳ ልብሽ ይመታል፣ ሳንባሽ ይሠራል፣ ገላሽ ይሞቃል። ይሄ ሁሉ ምግብ ይፈልጋል። ስትነፍጊው ሰውነትሽ መቆጠብ ይጀምራል፤ ጡንቻሽንም ይበላዋል። ቁርስ ብዪ፤ እንቁላልም ባቄላም፣ ያገኘሽውን። ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ፣ ከሥራ ስትወጪ ትንሽ በእግርሽ ሂጂ።”

“እና ሲስተር፣ አልወፍርም?”

“መጀመሪያ ይሙቅሽ።”

ንቢት መንገዱን ሙሉ ስለ ቦይለሩ አሰበች። የሚተኮስ ልብስ በሌለበት ሰዓት እንኳ ነዳጁን ይጠጣል። ነዳጅ ሲያጥር እሳቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ ያኔ ካውያው ጨርቁን ያሻል እንጂ አይተኩስም። ይህንን ስንት ዓመት ቆማ እያየች! በራሷ ተናደደች፤ ለመናደድም አቅም ስታጣ ተወችው።

በማግስቱ ምሳ ሲደርስ “ዛሬ እኔም እበላለሁ” አለች።

“አንቺ እኮ አትበዪም!” አለች አጣፊዋ፣ ንብረቷን እንደወሰዱባት ሁሉ።

“እበላለሁ። ቦርሳሽን አንሺልኝ።”

አጣፊዋ ተራው የእሷ ነበርና እየተነጫነጨች ወደ ቦይለሩ ሄደች። ንቢት ጥቂት እንደጎረሰች ሆዷ እምቢ አላት፤ መብላት እንኳ አደከማት። ቢሆንም እንደምንም ጨረሰች።

ማታ ቤቷ ራት ቀረበ። ልጇ እንደ ሰሞኑ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ንቢት ግን ለራሷ ጭልፋ ሙሉ ቀዳች፣ ደገመችም።

“እማ፣ ያ ሁሉ ያንቺ ነው?”

“የኔ ነው። ርቦኛል።”

ቃሉ ከአፏ ከወጣ ስንት ጊዜው! ልጅቷ ሳህኑን አየች፣ እናቷን አየች።

“እኔም እኮ ርቦኛል” አለች። “አንቺ ሳትበዪ መብላት አፍሬ ነው።”

ያኔ ነው ንቢት ልጇ ቤት ውስጥ ሹራብ ደርባ መቀመጧን ያስተዋለችው። እጇን ሳብ አድርጋ ያዘችው፤ እንደ ራሷ እጅ በረዶ ነበር።