ዝምድና የሚለው መስመር

ማሙሽ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጢሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ እናቱ ግን ዛሬም ማሙሽ ትለዋለች፣ እሱም ደስ ብሎት አቤት ይላል። እህቱን ትልቋ ይሏታል። በአምስት ዓመት ስለምትበልጠው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ከበድ ያለ ነገር ሁሉ የሚጫነው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።

ትልቋ ሾፌር ናት። አሥራ አንድ የሰፈር ሕፃናት ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች። ሚኒባሷ አሮጌ ናት፤ ወንበሮቿ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አይጠፋም። ቢሆንም የራሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና እየነዳች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ሠርታ የገዛቻት ናት። ሊብሬው የወጣ ዕለት ስሟን ሦስቴ አነበበችው። ምን ታድርግ፣ በስሟ የተጻፈ ንብረት አይታ አታውቅማ!

አንድ እሑድ እናቷ ምሳ ጠራቻት። ማሙሽ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል። እናት እጇን እየታጠበች፣ ጨው አቀብይኝ የምትል ያህል፣ «መኪናሽን ወደ ማሙሽ ስም አዙሪለት» አለቻት።

ትልቋ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

«ምን ያስቅሻል? የምሬን ነው። ማሙሽ የሚያገባት ልጅ አባት ወረቀት ካላየ የማያምን ሰው ነው። ማሙሽ ደግሞ መኪና አለኝ ብሏቸዋል።»

«ታዲያ የለኝም ይበላቸዋ!»

«አሁን ከየት ተመልሶ? ሠርጉ ሊፈርስ ነው እኮ!»

«እኔስ ምን ሠርቼ ልብላ? አሥራ አንዱን ልጅ አዝዬ ልሂድ?»

«ማን ሊወስድብሽ? መንዳቱን ትነጃታለሽ። ስሙ ብቻ ነው። ሠርጉ ይለፍ እንጂ ይመልስልሻል።»

ማሙሽ ያኔ ቀና አለ። «አንቺን ይንሳኝ፣ ስሙ ብቻ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ትልቋ እምቢ ብላ ቦርሳዋን አነሣች። እናት ይሄኔ የምታውቅበትን ነገር አመጣችው፤ አለቀሰች። «ይህን ልጅ ሳልድረው ልሙት? በሰው ፊት ልዋረድ?» እያለች መሐረቧን አራሰችው። አይ የትልቋ ነገር! አንጀቷ አይችልም። እምባዋን ከማይ መኪናዋ ገደል ትግባ ብላ፣ «እሺ፣ ለጊዜው ከሆነ» አለች።

ማክሰኞ ልጆቹን አድርሳ የመኪና ስም ወደሚዛወርበት ቢሮ ሄደች። እናትና ማሙሽ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወረፋው አይነቃነቅም። እኩለ ቀን አልፎ ተራቸው ሊደርስ ሲል፣ ፋይል በብብቱ የያዘ አንድ ሽበታም ሰው ከች አለ። የልጅቷ አባት ነው።

«በዚህ ሳልፍ እስቲ ልያቸው ብዬ ነው» አለ። ማሙሽ አመድ መሰለ። ሰውየው እናትን ጨበጠ፣ ማሙሽን ትከሻውን መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ትልቋ ዞረ።

«ሾፌሯ አንቺ ነሽ አይደል? ጎበዝ! ለሥራ ፈቃዱ እንዲመች ብሎ ንብረቱን በአንቺ ስም ሲያስመዘግብ፣ እኔ ብሆን አላደርገውም ብዬው ነበር። አንቺ ግን ታማኝ ነሽ፤ ይኸው መጣሽለት። አይዞሽ፣ ከሥራሽ እንዳያስወጣሽ እኔ እነግረዋለሁ።»

ትልቋ ክው አለች። ለካ እስከ ዛሬ «አንቺ ሥራ አለብሽ፣ አትድከሚ» እያሉ ከልጅቷ ቤት ያስቀሯት ለዚህ ኖሯል! አሳቢ መስለዋት ስታመሰግናቸው ከርማለች፣ ሞኝ! ለመሆኑ የሠርጉ ዕለት የት ሊያስቀምጧት ነበር? መሪው ላይ ነዋ፣ ሌላ የት!

«ቀጣይ!» አለች ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ጀርባ። «በሽያጭ ነው በስጦታ?»

«በስጦታ» አለ ማሙሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስጦታ ለቤተሰብ ብቻ ነው። ዝምድና የሚለውን መስመር ባዶ ትታችሁታል። ምኑ ነሽ?»

«የራሱን ንብረት እኮ ነው የምትመልስለት፣ ምን ዝምድና አመጣው?» አለ ሰውየው።

ትልቋ መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ዋጠችው። ወደ እናቷ ዞረች። «እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለች።

መኪናዋን በዚያች ደቂቃ ረስታታለች። ይውሰዷት፤ እንደገና ዘጠኝ ዓመት ትሠራለች። እናቷ በዚህ ሰው ፊት ልጄ ናት ትበል እንጂ፣ እዚያው ትፈርማለች። ከልቧ ነው የቆረጠችው።

እናት ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ሰውየውን አየች። ማሙሽን አየች።

«እንደ ልጄ ናት» አለች። «በእውነቱ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

«እማማ፣ እንደ ልጅ የሚባል እዚህ አይሞላም» አለች ጸሐፊዋ። «ልጅዎ ናት ወይስ አይደለችም?»

እናት መሐረቧን ከቦርሳዋ አወጣች። ከኋላቸው ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ። «ናት» ለማለት በቂ ጊዜ ነበራት፤ አላለችም።

ትልቋ ሊብሬዋን ከመስኮቱ አነሣች። «ተይው እህቴ፣ አላዛውርም» አለቻት ጸሐፊዋን። ከዚያ ሊብሬውን ለሰውየው ዘረጋችለት። «ወረቀት ይወዳሉ አሉ። መኪናዋን የገዛኋት እኔ ነኝ። አባቴ ማን እንደሆነም ስሜ ላይ አለልዎት፤ ያንብቡት።»

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ አነበበው። የአባቷን ስም ሲያይ ማሙሽን ቀና ብሎ አየው፣ እንደገና አነበበ። ሊብሬውን በሁለት እጁ መለሰላትና ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ማሙሽ «አባባ! አባባ!» እያለ ተከተለው።

እናት ስትወጣ ትልቋን ሚኒባሷ አጠገብ ቆማ አገኘቻት። ሁልጊዜ ጋቢና ነበር የምትቀመጠው፤ ዛሬ ራሷ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ትልቋም ከፊት ነይ አላለቻትም።

የእናት ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ትልቋ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች። እናት አልወረደችም። እጇን ወደፊት ሰድዳ ትከሻዋን ነካቻት።

«ልጄ» አለች። «ልጄ፣ እስቲ ስሚኝ።»

ትልቋ ወደ ኋላ አልዞረችም። እምባዋ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«አሁን ማን እንዲሰማልሽ ነው እማዬ?» አለቻት። «ውረጂ በይ። የሰው ልጆች እየጠበቁኝ ነው።»