ከስቶክሆልም እስከ ሮም

ከስቶክሆልም ሮም በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። አይናዲስ ይህን የምታውቀው በወሬ ነው፤ እሷ ዳላስ ውስጥ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ እስከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ከመመላለስ በቀር የትም አትሄድም። የጥገኝነት ጥያቄዋ ገና ኢንተርቪው አልተቀጠረለትም። ሎየሯም ከአገር ከወጣሽ መመለሻ የለሽም ብሏታል።

እህቷ ዊንታ ስቶክሆልም፣ ወንድማቸው እንድሪያስ ሮም ይኖራሉ። አባታቸው በእንድሪያስ ቤት ታመው ሲያርፉ ዊንታ ለቀብሩ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። እንድሪያስ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ከአባቷ በለጠባት ይላል። ዊንታ ደግሞ፣ ሊቀብራቸው አንድ ቀን ሲቀረው ነው የነገረኝ፣ ትኬት አጥቼ አየር ማረፊያ ሳለቅስ ዋልኩ ትላለች። ሁለቱም ይህን የሚሉት ለአይናዲስ ነው። አንዱ ስልኩን ሲዘጋ ሌላዋ ትደውላለች። አይናዲስም ልብስ እያጠበች፣ እየነዳች፣ ምሳዋን እየበላች ትሰማለች። ለሁለቱም እሺ ትላለች።

በመጋቢት ግን መስማቱ መረራት። ለእንድሪያስ ደውላ የመኖሪያ ወረቀት እንዳገኘች፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሮም እንደምትገባ ነገረችው። ዊንታንም፣ ወረቀቴን አገኘሁ፣ ቅዳሜ ሮም እገባለሁ፣ ሆቴል ይዣለሁ፣ እንድሪያስ መምጣቴን አያውቅም፣ አየር ማረፊያው መውጫ ላይ ጠብቂኝ አለቻት። ሁለቱም በደስታ አለቀሱ። ያኔ ውሸቷን ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፤ አቃታት።

ቅዳሜ ማለዳ መጦሪያው ደጃፍ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ገና ሳትወርድ ስልኳ ጮኸ። እንድሪያስ ነበር።

«አይናዲስ፣ ዊንታ እዚህ ናት» አለ። «አንቺስ የታለሽ?»

«ዳላስ ነኝ።»

«ወረቀትሽስ?»

«ገና ነው። ዋሽቼህ ነው።»

ከአጠገቡ ዊንታ ምን አለች እያለች ስትጠይቅ ይሰማል። ቀስ ብሎ ነገራት፤ እሷም ስልኩን ተቀበለችው።

«አበባ ይዞልሽ ቆሟል እኮ» አለች። «ምነው እንዲህ ትጫወቺብናለሽ?»

አይናዲስ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ ልትል ስትል ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ ከስንት ጊዜ በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር በእሷ ላይ መቆጣት ሆነ።

ሺፍቷ ደርሶ ገባች። አልጋ ስታነጥፍ፣ አዛውንቶቹን ስታጥብ፣ ስልኳን በየመሀሉ እያወጣች ታያለች። ማንም አልደወለም። ዝም እንዲሉላት ስትመኝ ኖራ፣ ዝም ሲሉ ጊዜ ፈራች።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሳለች በቪዲዮ ደወሉ። የእንድሪያስ ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። የአባታቸው መቃብር ሄደው እንደነበር ነገሯት። አልተቆጡም፣ አላመሰገኑምም። ዊንታ የስዊድን ፓስፖርት ስላላት በሐምሌ ዳላስ እንደምትመጣ ተናገረች። እንድሪያስ ግን የጣልያን ዜግነት ገና አላገኘም፤ ቪዛ ቢጠይቅ እንደሚከለክሉት ያውቃል።

«እኔ ጋ ግን ወረቀትሽ ሲያልቅ አንቺ ነሽ የምትመጪው» አለ።

«እሺ» አለች አይናዲስ።

ከዚያ ሁለቱ፣ ምስሩ ጨው በዝቶበታል አልበዛበትም እያሉ ይከራከሩ ጀመር። እሷን ረሷት። አይናዲስ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ባዶ እስኪሆን ድረስ ስታያቸው ቆየች።