ሳሙና የተቀባው ደጋን

ቦህዳና እንደ ድሮ ዘመን ሙዚቀኞች ያጠለቀችውን ነጭ ዊግ ከግንባሯ ላይ እያስተካከለች ከድንጋዩ ድልድይ አፍ ላይ በራሪ ወረቀት ታድላለች። ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ለብሳለች፤ ከቀሚሱ ስር ግን ወፍራም የወንድ ሱሪ አድርጋለች። የፕራግ የየካቲት ብርድ በሐር አይመለስም። ከአመሻሹ ኮንሰርት በፊት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው መንገድ ላይ ወጥተው ሰው እንዲጠሩ ያዘዘው አሠሪያቸው ክሩፓ ነው።

ጥቁር ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀበሏት፤ ግን አልሄዱም። አገላብጠው አዩትና በሩሲያኛ አናገሯት። ቦህዳና ሩሲያኛን በልጅነቷ ትምህርት ቤት በግድ ተምራዋለች።

«ልጄ፣ እዚህ በአካል ነው የምትጫወቱት?»

«አዎ ጌታዬ። አራት ነን።»

«ቪዮላም አለ?»

«ቪዮላ የምጫወተው እኔ ነኝ።»

ቪዮላ ከቫዮሊን ተለቅ ብሎ ድምፁ የሚወፍር መሣሪያ ነው። ሽማግሌው ዊጓንም ቀሚሷንም ትተው ጣቶቿን አዩ። «ዲምቾ እባላለሁ፤ ፕሎቭዲቭ ከምትባል ከተማ ነው የመጣሁት። እዚህ ከተማ ከገባሁ ያልዞርኩበት የለም። አንዱ ጋ እራት እያበሉ በጎን ይጫወታሉ፤ ሌላው ጋ ጭፈራ ነው። እኔ እራትም ጭፈራም አልፈለግሁም። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ድምፁ ከእንጨቱ ነው የሚወጣው?»

«ከእንጨቱ ነው» አለች ቦህዳና።

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ትኬት ሊቆርጡ ሄዱ። እሷ የቀሩትን ወረቀቶች ለማንም ሳትሰጥ ብብቷ ስር ሸጎጠቻቸው።

ድምፁ ከእንጨቱ አልነበረም። ኮንሰርቱ የሚታይባት ትንሽ ቤተክርስቲያን ጸሎት ከቀረባት ብዙ ዘመኗ ነው፤ ከመሠዊያው ጀርባ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተደብቀዋል። የሚሰማው ሌሎች ሰዎች ተጫውተው ያስቀረጹት ነው። አራቱ ሙዚቀኞች ከመውጣታቸው በፊት ክሩን የሚገዘግዙበትን የደጋናቸውን ፀጉር ሳሙና ይቀቡታል። ሳሙና የነካው ደጋን ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ የለውም። «ቅጂ አይታመም፣ አያኮርፍ፣ አይሳሳት» ይላል ክሩፓ።

ቦህዳና ትጫወትበት የነበረው የአንድ ትንሽ ከተማ ኦርኬስትራ ከተበተነ በኋላ ያገኘችው ሥራ ይሄ ብቻ ነበር። የምታድርበትን ክፍልም የሰጣት ክሩፓ ነው። ቁልፉ በእሱም ኪስ ውስጥ አለ።

ኮንሰርቱ ሲጀመር ዲምቾ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ቦህዳና ከኖታው ላይ ቀና ላለማለት ብትሞክርም አልቻለችም። የሽማግሌው ዓይን ከቀኝ እጇ አልተነቀለም። የመጀመሪያው ሙዚቃ ሊያልቅ ሲል ብድግ አሉ። ወደ መድረኩ ሁለቱን ደረጃ ወጡና ከጎኗ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ቪዮላዋ አዘነበሉ።

ሰዉ የትርኢቱ አካል መስሎት ሳቀ። አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። በሩ አጠገብ የቆመው ክሩፓ አልሳቀም።

ቦህዳና ደጋኗን መግፋትና መሳብ ቀጠለች። ላብ በዊጉ ስር ወደ አንገቷ ወረደ። የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማታል፤ የገዛ ቪዮላዋ ግን አይሰማትም። ቅጂው ሲያበቃ ጭብጨባ ሆነ። ዲምቾ አላጨበጨቡም።

«ልጄ፣ ክሩ እኮ አይንቀጠቀጥም» አሉ በቀስታ።

ቦህዳና ደጋኗን ዝቅ አደረገች።

«ባለቤቴ ኦፔራ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ቪዮላ ተጫውታለች። ባለፈው ዓመት ቀበርኳት። ቅጂ እንደሆነ ቤቴ ሞልቷል፤ የእሷም አለ። የጎደለኝ ቅጂ አይደለም።»

ክሩፓ ፈገግ ብሎ ደረሰና ሽማግሌውን በክንዳቸው ያዘ። «አባቴ፣ እባክዎ ወደ ቦታዎ።»

«አንድ ጊዜ ትጫወትልኝና እሄዳለሁ።»

«እየተጫወተች ነው እኮ» አለ ክሩፓ። ወንበራቸው ድረስ ወስዶ አስቀመጣቸውና ለድምፅ ሠራተኛው ምልክት ሰጠ። ሁለተኛው ሙዚቃ ተጀመረ።

የቀሩት ሦስቱ ደጋናቸውን አነሱ። ቦህዳና አላነሳችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የቪዮላው ዜማ ግን ከመሠዊያው ጀርባ ጥርት ብሎ ይፈስሳል። ከኋላ ወንበሮች ጉርምርምታ ተነሳ።

«አንሺ እንጂ» አላት አንደኛ ቫዮሊን የሚጫወተው ቪለም፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ቦህዳና፣ ሁላችንንም ልታስባርሪን ነው?»

«በዚህ ደጋን መጫወት አይቻልም» አለችው፤ ተነስታ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች።

ሳሙና ያልነካው የራሷ ደጋን እዚያ በሳጥኑ ውስጥ ነበር። የሳጥኑን መቆለፊያ ከፈተች። ደጋኑን ይዛ ስትዞር ክሩፓ በሩ ላይ ቆሟል።

«መልሺው።»

«ያሳልፉኝ፣ አቶ ክሩፓ።»

«በዚህ በር ይዘሽው ከወጣሽ ዕቃሽን ኮሪደር ላይ ታገኚዋለሽ። ዛሬውኑ። ብርዱን አይተሽዋል አይደል?»

ቦህዳና ብርዱን አይታዋለች። ለአፍታ ደጋኑን ወደ ሳጥኑ የምትመልስ መሰላት፤ ክሩፓም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም፣ ትከሻው ረገብ አለ። እሷ ግን ዊጓን ከራሷ አውልቃ በእጁ አስያዘችው። ምን እንደሰጠችው ለማየት ዝቅ ሲል በጎኑ ሾልካ ወጣች።

ቅጂው አሁንም ይጮኻል። ቦታዋ ተቀመጠችና ቪዮላዋን አንስታ ሳትጠብቅ መጫወት ጀመረች። የመጀመሪያው ምት ሻከረ። የእሷ ቪዮላ ከቅጂው ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቃኘ ስለነበር ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ ጆሮ ይበሳሉ። አንዳንዱ ሰው ፊቱን ጨፈገገ። «ምን ጉድ ነው?» አለ አንድ ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቦህዳና አላቆመችም። የድምፅ ሠራተኛው ግራ ገብቶት ይሁን አዝኖላት፣ ማሽኑን አጠፋው።

አዳራሹ ውስጥ ቪዮላው ብቻውን ቀረ። ለአራት የተጻፈ ሙዚቃ ላይ የቪዮላ ድርሻ ብቻውን ሲሰማ ዜማም አይባል፤ ግድግዳ የሌለው ቤት ምሰሶ ነው። ያንን ይዛ፣ ሰው እየተነሳ ሲወጣ፣ የወንበር ጩኸት በጆሮዋ ሲገባ፣ ቀጠለች።

ቪለም አንድ ነገር በአፉ አጉረመረመና ተነስቶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። ክሩፓ ሲቆጣ አዳራሹ ድረስ ይሰማል። ቪለም ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል፤ በእጁ ግን የራሱን ደጋን ይዟል። የደረሰችበትን ቦታ በዓይኑ ጠየቃት፤ ራሷን ነቅንቃ አሳየችውና አብሯት መጫወት ጀመረ። ትልቁን ቼሎ በጉልበቱ መሀል ይዞ የሚጫወተው ሃቬል ሌላ ደጋን አልነበረውም። ሳሙና የተቀባውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ክሩን በጣቱ መምታት ጀመረ። ሁለተኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ክቬታ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። መሣሪያዋን ቀስ ብላ ብብቷ ስር አደረገች፣ የቦህዳናን ትከሻ ነካ አድርጋ ወጣች። ማንም አልተቀየማትም።

ሦስት ሆነው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ሲጨርሱ ከአዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። የቀሩት ሰዎች ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። ዲምቾ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ መድረኩ ተጠጉ።

«ሁለት ቦታ ስተሻል» አሉ።

«ሦስት ቦታ ነው» አለች ቦህዳና።

«አንዱ አምልጦኛል ማለት ነው።» መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ጥሩ እጅ አለሽ። ያለ ሥራ ከርሟል እንጂ።»

ክሩፓ ያለውን አደረገ። ቦህዳና ስትደርስ የክፍሉ ቁልፍ ተቀይሮ፣ ልብሷ በሁለት ፌስታል ታጭቆ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዢዥኮቭ ሰፈር የምትኖረው የቪለም እህት ሳሎኗን ለቀቀችላት። ክሩፓም አልተጎዳም። ሳምንት ሳይሞላው ሌሎች አራት ሰዎች ዊግ አድርገው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙ። ቦህዳና በትራም ስታልፍ አየቻቸው፤ አንዷን ከቀድሞው ኦርኬስትራ ታውቃታለች። ግን ከትራሙ አልወረደችም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሦስቱ ከአንዲት የሙዚቃ መምህርት ጋር ሆነው ቭርሾቪትሴ ሰፈር ባለች የወንጌላውያን አዳራሽ ተጫወቱ። ማሞቂያው ስለማይሠራ ሃያ የማይሞሉት አድማጮች ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ቪለም በየመሀሉ ጣቱን በትንፋሹ ያሞቃል። ዲምቾ የባቡር ትኬታቸውን አስቀይረው መጥተዋል። ቦህዳና ከፊት ወንበር ይዛላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልፈው ከኋላ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ቪዮላ ከሩቅ ነው የሚጥመው አሉ።

ሲያልቅ የአራቱንም እጅ ጨበጡ። ስለ ስህተት ምንም አልተናገሩም፤ ባቡሩ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ወጡ። ቦህዳና ወንበር የሚደራርቡትን ምእመናን ስታይ ቆየችና የሙዚቃውን ሁለተኛ ክፍል አንዴ እንደገና እንሞክረው አለች። ቪለም መጀመሪያ ትኩስ ሾርባ ካልተገኘ በስተቀር ቫዮሊኑን እንደማይነካ ምሎ ነገራት።