አራት ደቂቃ የተረፈው ሞተር

ካርቶኑ ላይ «አምስት መቶ እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ይህን ያሳተመው ነጋዴ ቴሌስኮፑን አንድ ምሽት ሰገነት ላይ አቁሞ ቢያየው ኖሮ በሃፍረት ካርቶኑን ይበላው ነበር። መስታወቱስ ደህና ነው፤ ጉዱ ያለው ማቆሚያው ላይ ነው። ሦስቱ እግሮች እንደ ዶሮ እግር የቀጠኑ፣ ብሎኖቹ የላሉ፤ አጠገቡ ሰው ሲያስነጥስ ሰማዩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ሰዓት ሠሪው ይህን እያወቀ ገዛው። አርባ ዓመት ሙሉ ሌሎች «ጣለው» ያሉትን ሰዓት ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነውና፣ ርካሽ ዕቃ የሚያሳፍረው ሠሪውን እንጂ ጠጋኙን አይደለም ባይ ነው። ደግሞም ጊዜ አልነበረውም። የእህቱ ዓይን እየጠፋ ነበር።

ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል። የዓይኗ መሃል ሞቷል፤ ጠርዙ ቢበዛ ሦስት ወር ይቆያል። እሷም «የማየው ነገር ሁሉ መሃሉ ላይ ጥቁር ሳንቲም ተቀምጦበታል» ትላለች። አንድ ነገር ለማየት ወደ ጎን ዘወር ብላ፣ በዓይኗ ጥግ እየሰረቀች፣ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ አለባት። ነገሩም ዝም ብሎ መቆም አለበት።

ማየት የፈለገችው ሳተርንን ነበር። ልጆች ሳሉ በትምህርት መጽሐፏ ውስጥ ባለቀለበቷን ኮከብ አይታ ስትጠይቀው፣ ታላቅ ወንድሟ በሙሉ ልብ «ቀለበት ያለው ኮከብ የለም። የማተሚያ ቤት ቀለም ፈሶ ነው» አላት። እሷም ክፍል ውስጥ ተነስታ ይህንኑ ተናገረች። የተሳቀባት ሳቅ ሃምሳ ዓመት አልፎትም ከጆሮው አልወጣም።

ኮከብ ደግሞ አይጠብቅም። ሰማዩ ስለሚዞር፣ ቴሌስኮፑን በትንሿ እጀታ ቀስ እያሉ ካላስከተሉት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዓይን ከሚጠጋበት ማያ ይወጣል። የሰዓት ሠሪው እጅ ደግሞ ከካቻምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እጀታውን ነቅሎ በምትኩ ሞተር ሊገጥም ተነሳ። ሞተሩን ከተበላሸ ማተሚያ፣ ጥርስ ለጥርስ የሚናከሱትን መዘውሮች ከሦስት የግድግዳ ሰዓቶች አወጣ። ዘንጉን ወደ ሰሜን አነጣጠረ፤ ጥርሶቹንም ዘንጉ በሃያ አራት ሰዓት ልክ አንድ ጊዜ እንዲዞር አድርጎ ቆጠረ።

የእህቱ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሥራውን ሊያይ ሰገነት ላይ ወጣና ሳቀ።

«ባለ ሰዓቱ፣ ይሄ ነገር ፈንጂ አይደለም?»

«አፍህን ዝጋና መብራቱን ወደዚህ ያዝልኝ።»

«በስንት ነው የሚዞረው?»

«በሃያ አራት ሰዓት። ቀን በስንት ይዞራል ልትለኝ ነው ደግሞ?»

ሹፌሩ አገጩን አከከ። «እንጃ። እኔ ሁልጊዜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው ከመነሻው የምወጣው። ያቺ ደማቋ ኮከብ ነዳጅ ማደያው ምሰሶ ላይ ነበረች። በሳምንቱ ግን ቀድማኝ ምሰሶውን አልፋዋለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትቸኩላለች።»

«ኮከብ አይቸኩልም! አንተ ነህ የምታረፍደው። ተሳፋሪዎችህን ጠይቃቸው።»

ሰዓት ሠሪ ሲሳሳት እንዲህ ነው፤ እየጮኸ።

ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሳተርንን ማያው መሃል አስገብቶ ሞተሩን ለቀቀው። ጢክ፣ ጢክ፣ ጢክ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያያት ካስቀመጣት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። አላጠፋውም። የሚሠራ ሰዓት አቁሞ አያውቅም፤ ነገም በዚያው ሰዓት ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ቀን ቀን መክደኛውን ያለብሰዋል። ቱቦው በሌሊት ወርዶ ረፋዱ ላይ ወለሉን ያያል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው አንገቱን ቀስ እያለ ያቀናል። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ሁለተኛ ሰገነቱን አልረገጠችም።

ሐሙስ ማታ በዚያው ሰዓት እህቱ መጣች። ደረጃውን ባሏን ተደግፋ ወጣች።

«እንዳትነኪው፣ እታለም። ራሱ ያውቃል።»

ማያው ላይ አጎነበሰች። ዓይኗን ወደ ጎን አደረገችና ጠበቀች። የሞተሩ ጢክታ ብቻ ይሰማል።

«አለች» አለች በመጨረሻ። «ወይኔ ወንድምዓለም። ትልቅ ናት! እንዲህ ትልቅ ናት አላልከኝም።»

«ቀለበቷስ?»

«ዙሪያዋን ነው፤ ቀጭን ብርሃን። መሃሏ ግን ጨለማ ነው።» ይበልጥ ተጠጋች። «ትቀርባለች እንዴ?»

ሹፌሩ ይህን ጊዜ የሰዓት ሠሪውን ክንድ ጎሰም አደረገና በአገጩ ወደ ሰማይ አመለከተው። ሳተርን በባዶ ዓይን ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ቱቦው ከሚያነጣጥርበት ወደ ምዕራብ ሁለት ጣት ያህል ርቃ። ሰዓት ሠሪው በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ቀን። በቀን አራት ደቂቃ። ኮከቦች ዙራቸውን ከሃያ አራት ሰዓት አራት ደቂቃ ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ሹፌሩ በምሰሶ የለካውን እሱ በሰዓት ሳተው። ሞተሩ የሰኞዋን ቦታ ይዞ ቀርቷል። እህቱ ባዶ ሰማይ እያየች ነበር።

የሐኪሙ ቃል ትዝ አለው፦ «ዓይን ሲደክም የሌለውን ይስላል፤ አትደንግጡ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ» አለና ዓይኑን በቦታዋ አስደገፈ።

ጨለማ ነው። ሆኖም ባዶ ሰማይ እንዲህ ጨለማ አይደለም፤ ሁልጊዜ የዱቄት ብናኝ የሚመስሉ ኮከቦች አሉት። በጠርዙ ዙሪያ ነበሩ። መሃል ላይ ግን አንድም የለም፤ ክብ ሆኖ ተቆርጧል፣ ልክ እንደ ሳንቲም። እያየ ሳለ ከጠርዙ ብናኞች አንዱ ጠፋ። ከዚያ ሌላው። የእሱ ዓይን ደህና ነው።

ሊላት የሚችለው ቀላል ነበር፦ «አዎ፣ ሳተርን ናት።» ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቷታል።

«እታለም፣ ያየሻት ሳተርን አይደለችም። ተሳስቻለሁ። ሰማዩን በእኔ ሰዓት ቆጠርኩት።»

መቆለፊያውን አላልቶ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ እየተራገመ፣ ቱቦውን ወደ ምዕራብ ገፋ። እውነተኛዋ ገባች፤ ትንሽ፣ ወርቅማ፣ ቀለበቷ ጥርት ያለ። ቆለፈና ቦታውን ለቀቀላት።

እህቱ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሳቀች፤ የልጅነት ሳቋን።

«ቀለም አይደለም! አንተ ውሸታም! ቀለም አይደለም!»

ሹፌሩ አጨበጨበ። ሰዓት ሠሪው ሃምሳ ዓመት የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። እሷ ግን ቀና ስትል ፊቷን ያዞረችው ቱቦው ወዳለበት አልነበረም። ከጎረቤት የውሃ ታንከር በላይ፣ ወደ ሰኞው ቦታ ነበር።

«ታምራለች» አለች ቀስ ብላ። «ግን ይቺን እኔ ነኝ የማያት። ያቺኛዋ እሷ ነበረች የምታየኝ።»

ሰዓት ሠሪው በማያው ያየውን ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ መዘውሩን ለወጠ፤ አራቱን ደቂቃ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በኮከቦቹ ሰዓት ይሄዳል፤ ሳተርንን አይስትም። ሰዓት ሠሪው ቱቦውን ከታንከሩ በላይ ወዳለው ቦታ አዙሮ አያውቅም። እዚያ ያለው ነገር በኮከቦች ሰዓት እንደማይሄድ ያውቃል። የሚቆጥረው ልክ እንደ እሱ፣ ሃያ አራት ሰዓት ነው።

በሦስተኛው ወር የእህቱ ዓይን ተዘጋ። አሁን እሱ ዘንድ ስትመጣ ሰገነት ላይ ወንበር ያወጣላታል። ሰዓት አትጠይቅም። የምትቀመጠው ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጋ ነው፤ ከባሏ ጋር ትቀላለዳለች፣ ጎረቤት ታማለች። ከዚያ ወሬዋን በመሃል ታቋርጣለች፣ ወንበሯን ወደ ታንከሩ ታዞራለች።

«መጣች» ትላለች።

ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን ያያል። አንድ ሰዓት ነው። አንድ ቀን እንኳ አላረፈደችም።