ለቅሶ ላይ የሳቀው ሬዲዮ

ድምፁን ሲለቀው ደመና መንገድ የሚቀይርለት የቀድሞው ዜና አንባቢ የሬዲዮ ጣቢያውን በር በርግዶ ገባ። ጠዋት የአክስቱ የቀብር ማስታወቂያ ተነግሮ እንዳበቃ የአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሳቅ ተከትሎት ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቷል።

«ጋሼ፣ እኛ አይደለንም፤ የሚያነበው ኮምፒዩተሩ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ማስታወቂያው ከተመደበለት ሰዓት ሲያጥርበት ከቀልድ ፕሮግራሙ ሳቅ ወስዶ ይሞላዋል።»

«አንተስ? ወንበር ታሞቃለህ?»

«አሁን ይደገማል፤ ከፈለጉ ራስዎ ያንብቡት።»

ሽማግሌው ስቱዲዮ ገብቶ ማይኩን ጨበጠ። የአክስቱን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ልጆቿን በየተራ፣ ድንጋይ በሚያስለቅስ ድምፅ አነበበ። ሲጨርስ ግን ኮሪደሩ ላይ ያለው ሬዲዮ በዚያው በማሽን ድምፅ የአክስቱን ስም ጠራ፤ ሳቁም ተከተለ።

«ያ ማይክ እኮ ከተነቀለ ቆይቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለእንግዳ ፎቶ መነሻ ነው ያስቀመጥነው። ይውጣልዎት ብዬ ነው።»

ሽማግሌው የኮምፒዩተሩን ገመድ ከነሶኬቱ ከግድግዳው መንግሎ ጣለው። የከተማው ሬዲዮ ሁሉ ጭጭ አለ።

«ምን አደረጉ? ጣቢያው ሞተ እኮ!»

«ከሞተማ ቅበረዋ! እኔ አክስቴን ልቅበር» ብሎት ወጣ።