አራት ሴንቲ ሜትር

ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን ልሰጥ ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ደማችን ገጥሟል፣ ምርመራውንም ሁሉ አልፌአለሁ፤ የቀረኝ መመዘንና መለካት ብቻ ነው።

ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ሰማንያ ሁለት ኪሎ። ከግድግዳው መለኪያ ሥር አቆመችኝ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት። ቁመቴን በሜትር ይዛ በራሱ አባዛችው፤ ከዚያ ኪሎዬን ለውጤቱ አካፈለች። ሠላሳ ነጥብ አምስት።

«እናቴ፣ እዚህ ከሠላሳ በላይ የሆነ ሰው አይለግስም። ትንሽ ቀንሰው ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ።»

ሦስት ወር! ሐኪሙ «የወንድምዎ ነገር ወር አያስጠብቅም» ካለኝ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ደሜ ፈላ። ወፍሬአለሁ፣ አልክድም፤ በገዛ አፌ ያመጣሁት ነው። አጭር ግን አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ቁመቴን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

«ስልሳ ስምንት ነኝ» አልኳት። «መለኪያሽ ዋሽቷል።»

«መለኪያ ደግሞ እንዴት ይዋሻል?» ብላ ሳቀች።

ሜትሬን ከቦርሳዬ መዝዤ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ክፍሉ ሰሞኑን ቀለም ተቀብቷል። ቀቢው መለኪያውን ነቅሎ ኖሯል፤ ሲመልሰው ታዲያ ወለሉን አስነክቶ በመስቀል ፈንታ፣ ከግድግዳው ግርጌ የተመታው የእንጨት ጠርዝ ላይ አስቀምጦት ሄዷል። ዜሮዋ ከመሬት አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች።

«ነይ፣ አንቺው እይው!»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች፤ ሳቋ ድርግም አለ። «በሞትኩት! ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳሳጥር ነው የከረምኩት!»

በእኔው ሜትር እንደገና ለካችኝ። አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት በራሱ ሲባዛ ሁለት ነጥብ ሰማንያ ሁለት፤ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ለእሱ ሲካፈል ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። እልል አልኩ! እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ያለ ሀፍረት አቀለጥኩት። እሷም ፈርማ ወረቀቱን ሰጠችኝና፣ በዚያ ሳምንት የመለሰቻቸውን ሰዎች ልትጠራ ስልኩን አነሣች።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወንድሜ ወደተኛበት ክፍል ወጣሁ። እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«አለፍኩ! ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናው ይሠራልሃል!»

ቀስ ብሎ ዞረ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ከታመመ ወዲህ ስለ ነገ አንድ ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር።

«እትዬ» አለኝ፤ «ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጄን የማደርሳት እኔ ነኝ ማለት ነው?»