ቀይ ወርቅና ሁለት ብልቃጦች

ባለቤቴ ሀሰኖ በሰበታ ከተማ ገበያ አጠገብ ወርቅ ይሠራል። ወርቅም ሆነ ሰው ሳይፈትን አያምንም። ሊያገባኝ ሲመጣ አባቴን ሦስት ጊዜ «እውነት ቁጡ አይደለችም?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም ሦስት ጊዜ ዋሸው።

ከረመዳን ወዲህ ጨጓራው ያቃጥለዋል። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው «ይተወኛል» ይላል። ታላቅ ወንድሙ አክመልም እንዲሁ ሲል ኖሮ በጨጓራ ካንሰር ሞተ። እኔ ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሬሳ የምሸኝበት አቅም የለኝም። ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጮሃለሁ።

የእህቱ ልጅ አሪጅ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ጩኸቴ ሲሰለቻት ሱቁ ድረስ መጥታ ጣት የምታክል ነጭ ፕላስቲክ አሳየችው።

«አጎቴ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ካለ ይቺ በሰገራ ምርመራ ታሳያለች። ውስጧ ወርቅ አለ።»

ሀሰኖ መነጽሩን አደረገ። «የታለ?»

«በጣም የደቀቀ ነው፣ በዓይን አይታይም። ወርቅ እንደዚያ ሲደቅ ቀይ ይሆናል። ባክቴሪያውን ካገኘ ይዞት ሄዶ እዚህ ጋ ይቆምና ቀይ መስመር ያወጣል። ሁለት መስመር ከወጣ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። አንድ ከሆነ የለም፤ እሷ መመርመሪያው መሥራቱን ብቻ ነው የምታሳየው።»

«ቀይ ወርቅ!» አለና ፕላስቲኩን መፈተኛ ድንጋዩ ላይ ፈገፈገው። ድንጋዩ ላይ ምንም አልቀረም። «በይ፣ የሸጡልሽን ሰዎች ቶሎ ፈልጊያቸው።»

ከተጂ የመጡት ደንበኛችን ኦቦ ቀጄላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እሳቸው ወርቅ ሊገዙ ሲመጡ መጀመሪያ የእናታቸውን ቀለበት አውጥተው «ይሄን መንገድ ላይ ገዛሁት፣ እስቲ እየው» ይላሉ። ቀለበቱ ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ፤ የሚፈትኑት ሀሰኖን ነው። ሀሰኖም ይሄን ያውቃል፣ ግን ሽማግሌ ናቸውና እንዳላወቀ ሆኖ ይፈትንላቸዋል።

«ያ ሀሰኖ» አሉት፣ «ምን ያጨቃጭቅሃል? እንደ እኔ ቀለበት አድርገው። ለፕላስቲኳ መጀመሪያ መልሱን የምታውቀውን ስጣትና ዱጋ መናገሯን እይ፣ እውነቷን ከሆነ ያኔ ታምናታለህ።»

ሀሰኖ ፕላስቲኩን አገላብጦ አየው። እሱ እንደዚያ ሲያገላብጥ መጠርጠር ነበረብኝ።

እንዲደፍር ብዬ እኔም አብሬው ልመርመር አልኩ። እኔ እንኳን ጤነኛ ነኝ። ሚጥሚጣ እንደ ስኳር የምበላ ሴት ነኝ። ከምግብ በኋላ ሁልጊዜ ወተት የምጠጣው ስለምወደው ነው። የሱሉልታን ወተት ደግሞ ማን ይጠላል?

አሪጅ ስማችንን ጽፋ ፕላስተር የለጠፈችባቸውን ሁለት የሰገራ ብልቃጦች ሰጠችን። በማግስቱ ሀሰኖ «እኔ እይዘዋለሁ» አለና፣ ሰው እንዳያይበት የሙሽራ ወርቅ በሚያስረክብባት ቀይ የከፋይ ከረጢት ከተታቸው። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ «ማሻአላህ! የማን ሰርግ ነው?» ይለዋል። ጎረቤታችን ጠጅቱማ «ዲዛይኑን ልየው ብቻ!» ብላ ከረጢቱን ልትፈታ ታገለችው። እሱ ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ሮጠ። እኔ ከኋላው በሳቅ ሞትኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን ሳቄ ጠፋ። አሪጅ ሁለቱን ፕላስቲኮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የአክስቴ አንድ መስመር ነው። የእርስዎ፣ አጎቴ... ሁለት።»

አክመል ትዝ አለኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ሀሰኖ በሳቅ ፈረሰ።

«ፕላስተሩን ቀያይሬዋለሁ! ሁለት ያወጣው የአክስትሽ የራቢአ ብልቃጥ ነው! ያቺ ሚጥሚጣ እንደ ስኳር የምትበላው ራቢአ! እኔ በዓለም ላይ ጤነኛ ነው ብዬ የምምልለት ሆድ የሷ ነው። ወርቅሽ ዋሸ፣ አሪጅ!»

አሪጅ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ... ወተቱ?»

«ስለምወደው ነው አልኩ!» ብዬ ጮህኩ። እጄ ግን ሆዴ ላይ ነበር። ሀሰኖ እጄን አየው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያቃጥልሽ?»

«ካንተ በፊት» አልኩት። «ሁለታችንም ከታመምን ማን ይጮሃል ብዬ ነው የደበቅኩት።»

«ድገሚው» አላት አሪጅን። ደገመችው። ሀሰኖ የአልማዝ ማያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካና ሁለተኛው መስመር ላይ ተደፋ።  ብዙ ቆየ።

«ወርቅ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም ወደ እኔ ሳያይ «የቀየርኩት ለፈተና ብቻ አይደለም» አለ። «በስሜ ሁለት ከወጣ፣ የኔ አይደለም የምልበት እንዲኖረኝ ነው። የአክመል ነገር አስፈርቶኝ ነው፣ ራቢአ።»

ይኸው ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ፈራሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። አሪጅ «አንድ መስመር ብቻውን ነጻ አያወጣዎትም» ስትለው ሳይከራከር ለተጨማሪ ምርመራ ሄደ። አልሃምዱሊላህ፣ ክፉ ነገር አልተገኘበትም፤ አሲድ ነው ተብሎ በባዶ ሆድ ቡና ተከለከለ።

የባክቴሪያውን መድኃኒት የምውጠው እንግዲህ እኔ ነኝ። ሀሰኖ ጠዋት ማታ ፊቴ ይቆማል፣ ከዋጥኩ በኋላ አፌን አስከፍቶ ምላሴን አስነስቶ ያያል። ሚጥሚጣዬንም ወስዶ ሱቁ ካዝና ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ወርቅ ጋር ቆልፎበታል።